ከፒካሳ ወደ ዲጂካም መሻገር፦ የሰዎቹ ስም፣ ኮከቡና አልበሙ ሳይጠፋ

የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራሙ ፒካሳ ዛሬም የሚከፈትባቸው ኮምፒውተሮች ጥቂት አይደሉም። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ያለ ችግር ይሠራል። ግን ባለቤቱ ከተወው ቆይቷል። ጎግል በ2004 እ.ኤ.አ. ገዝቶ በነፃ ሲያቀርበው ኖሮ ማርች 15 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ድጋፉን አቆመ። ከዚያ ወዲህ አንድም ማሻሻያ አልወጣለትም። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያነሳቸውን የኤችኢአይሲ ፎቶዎች አያሳይም። ኮምፒውተራችሁ ቢበላሽ ደግሞ መጫኛውን ከጎግል ገጽ መልሳችሁ አታገኙትም።

ብዙ ሰው ታዲያ ሁሉንም ወደ ጎግል ፎቶስ ልስቀለው ይላል። ለጥቂት ፎቶ ጥሩ ነው። ግን ከጁን 2021 ጀምሮ የምትሰቅሉት ሁሉ በነፃ ከምታገኙት 15 ጊጋባይት ላይ ይቆጠራል። የ10 ዓመት የቤተሰብ ፎቶ በቀላሉ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ በየወሩ መክፈል ነው። አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ በዶላር መክፈሉ ራሱ አንድ ጣጣ ነው፤ የኢንተርኔቱ ወጪ ሳይቆጠር። ስለዚህ እዚህ የምናየው ፎቶው እቤት ኮምፒውተር ላይ እያለ ፕሮግራሙን ብቻ መቀየርን ነው። የምንሄድበት ዲጂካም ይባላል። ነፃ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ያለ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። እኔ ዊንዶውስ ላይ እንደሆናችሁ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንግባባ። የፎቶ ፕሮግራም ስትቀይሩ ፎቶው ራሱ አይጠፋም። የሚጠፋው በፎቶው ላይ የሠራችሁት ሥራ ነው። ከአያታችሁ ጎን ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ማነው? ይቺኛዋስ?» እያላችሁ የጻፋችሁት ስም፣ ከ300 የሠርግ ፎቶ ውስጥ መርጣችሁ ኮከብ ያደረጋችሁባቸው 20ዎቹ፣ ለለቅሶ ቤት ያዘጋጃችሁት አልበም። አያት ካለፉ በኋላ ያንን ስም የሚነግራችሁ ሰው የለም። ስለዚህ ድካማችን ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነው፦ ሥራችሁን ከፕሮግራሙ አውጥተን ፎቶው ፋይል ውስጥ ማስገባት። ይህን አንዴ በደንብ ከሠራችሁት ነገ ከዲጂካም ወደ ሌላ ብትሄዱም እንደዚህ አትደክሙም።

ፒካሳ ሥራችሁን የት ነው ያስቀመጠው?

ይህን ሳያውቁ መሻገር አደገኛ ነው፤ ሁሉም ነገር አንድ ቦታ አይደለምና።

ከፎቶው ሥር የጻፋችሁት መግለጫና የለጠፋችሁት ታግ (በኋላ ለመፈለግ የሚለጠፍ አጭር ቃል)፣ ፎቶው ጄፔግ ከሆነ፣ ፋይሉ ውስጥ ነው የተጻፈው። እነዚህ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። ኮከቡ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። በየፎልደሩ «ዶት ፒካሳ ዶት አይኤንአይ» የምትባል ትንሽ የተደበቀች ፋይል አለች፤ ኮከቡ የተመዘገበው እሷ ላይ ነው። ዲጂካም ይህችን ፋይል አያነባትም። አልበሞቹም እንዲሁ ናቸው። የፒካሳ አልበም እውነተኛ ፎልደር አይደለም፤ «እነዚህ ፎቶዎች አንድ ላይ ይታዩ» የሚል ዝርዝር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ያለው ፒካሳ በዊንዶውስ ተጠቃሚያችሁ ሥር ባስቀመጠው ፎልደር ውስጥ ነው።

ብርሃን ጨምራችሁ፣ ቆርጣችሁ፣ ቀይ ዓይን አስተካክላችሁ «ሴቭ» ካላላችሁ ያም ማስተካከያ ያለው እዚያችው ትንሽ ፋይል ላይ ነው። ሌላ ፕሮግራም ፎቶውን ሲከፍት ያልተነካውን ያሳያችኋል። «ሴቭ» ካላችሁ ደግሞ የተስተካከለው በቦታው ይቀመጥና ኦሪጅናሉ «ዶት ፒካሳ ኦሪጅናልስ» ወደሚባል የተደበቀ ንዑስ ፎልደር ይሄዳል።

የሰዎቹ ስም፣ ማለትም ፊታቸው ላይ የጻፋችሁት፣ ፒካሳን «ፎቶው ውስጥ ጻፈው» ብላችሁ ካላዘዛችሁት በስተቀር ፒካሳ ጋ ብቻ ነው ያለው። ሰው ሲሻገር አብዝቶ የሚያጣው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ሥራ

ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋችኋል። ፍላሽ አይሆንም፤ ቢሆንም አልመክርም፣ ቶሎ ይበላሻል፣ ይጠፋል።

የዊንዶውስ ፋይል መመልከቻ ውስጥ «ቪው» የሚለው ስር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሩ። አሁን የተደበቁት ይታያሉ። ከዚያ የፎቶዎቹን ዋና ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጉ። ፎቶዎቹን እየመረጣችሁ ሳይሆን ፎልደሩን በሙሉ፤ እየመረጣችሁ ከወሰዳችሁ የተደበቁት ፋይሎች ሊቀሩ ይችላሉ። በተጨማሪ በ«አፕዳታ»፣ ከዚያ «ሎካል»፣ ከዚያ «ጎግል» ውስጥ ያሉትን «ፒካሳ2» እና «ፒካሳ2 አልበምስ» የሚባሉ ፎልደሮች ውሰዱ።

ኮፒው ሲያልቅ ሁለቱም ጋ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ የፋይሎቹን ብዛት አወዳድሩ። እኩል ካልሆነ አትቀጥሉ። ከመሃል ጥቂት ፎቶዎችንም ከፍታችሁ እዩ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህንንና ቀጥሎ ያሉትን ሥራዎች ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ሥሩ። ፋይል እየተጻፈ መብራት ከሄደ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ኮፒው ካለቀ በኋላ ሃርድ ዲስኩን ንቀሉትና አስቀምጡት። ዝውውሩ እስኪያልቅ አትንኩት።

ፒካሳ ውስጥ የሚሠራው የመጨረሻ ሥራ

ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። ግን አትዝለሉት።

ከኮከቡ እንጀምር። ፒካሳ በግራ በኩል ኮከብ ያላቸውን ፎቶዎች አንድ ላይ ሰብስቦ የሚያሳይበት አልበም አለው። ክፈቱት። ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ሁሉንም ምረጡ። ኮንትሮልና ቲ ስትጫኑ የታግ መጻፊያው ይከፈታል። «ምርጥ» ብላችሁ ጻፉ። አለቀ። ኮከቡ ታግ ሆነ፤ ታግ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

አልበሞቹንም በዚሁ ዘዴ አውጧቸው። አንዱን አልበም ትከፍታላችሁ፣ ሁሉንም ትመርጣላችሁ፣ የአልበሙን ስም ታግ አድርጋችሁ ትለጥፋላችሁ። «አልበም የእማማ ሰማንያኛ ዓመት» ዓይነት ስም ብትሰጡት በኋላ ከሌሎቹ ታጎች ለመለየት ይቀላል። 40 አልበም ካላችሁ 40 ጊዜ ነው። የማትፈልጉትን አልበም ለመተው ጥሩ አጋጣሚም ነው።

ለፊት ስሞች «ቱልስ» ከዚያ «ኦፕሽንስ» ግቡ። «ኔም ታግስ» የሚለው ገጽ ላይ ስሞቹን ፎቶው ውስጥ እንዲያስቀምጥ የሚያዘው ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጉበት። ይህ ከአሁን በኋላ ለምትጽፉት ነው። ቀድሞ ለጻፋችሁት ደግሞ «ቱልስ» ስር «ኤክስፐሪሜንታል» የሚል አለ፤ እዚያ ውስጥ ፊቶቹን ወደ ኤክስኤምፒ የሚጽፈውን ምረጡ። ኤክስኤምፒ ማለት ስለ ፎቶው የተጻፈ መረጃ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበት፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚያነቡት መንገድ ነው። ፎቶው ብዙ ከሆነ ረጅም ሰዓት ይፈጃል። ማታ አስጀምራችሁት ተኙ።

መጨረሻ ላይ ያልተቀመጡ ማስተካከያዎችን «ሴቭ» አድርጉ። ፎልደሩን መርጣችሁ በፎልደሩ ርዕስ ጎን ያለችውን የዲስክ ምልክት ብትጫኑ በዚያ ፎልደር ያሉትን በሙሉ ያስቀምጣል። ኦሪጅናሉ ወደ ተደበቀው ፎልደር ስለሚሄድ አይጠፋባችሁም።

የፎልደር ስምና የእኛ ቀን አቆጣጠር

ይህ በሌሎች መመሪያዎች የማታገኙት፣ ለእኛ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ካሜራና ስልክ ፎቶው ውስጥ የሚጽፉት የፈረንጁን ቀን ነው። እኛ ደግሞ ፎልደሩን «ጥምቀት 2016» ብለን እንሰይመዋለን። ከ5 ዓመት በኋላ ያ 2016 የማን እንደሆነ ግራ ይገባል፤ በተለይ ውጭ ያለው ዘመድ የላከው «2016» የሚል ሌላ ፎልደር አጠገቡ ሲቀመጥ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት ስለሆነ በግምት ማስተካከልም አይመችም።

እኔ የምመክረው ሁለቱንም መጻፍ ነው። ከፊት የፈረንጁ ቀን፣ ዓመት-ወር-ቀን ተብሎ፤ ከኋላ በዓሉና የእኛ ዓመት። ለምሳሌ፦

2024-01-20 ጥምቀት 2016 ዓም ጎንደር

እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፣ እናንተም በአማርኛ ትፈልጋላችሁ። «ዓ/ም» ብላችሁ በእዝባር አትጻፉ፣ ዊንዶውስ አይቀበልም። መጨረሻው ላይ ነጥብ ብታስቀምጡም ይቆርጠዋል።

ስም መቀየሩን አሁኑኑ፣ ፎቶዎቹ ገና ዲጂካም ውስጥ ሳይገቡ አድርጉት። ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ግዴታ አይደለም። ትልልቆቹ ይበቃሉ፤ ሌላውን ዲጂካም ውስጥ ሆናችሁ ቀስ እያላችሁ ትቀይራላችሁ።

ዲጂካምን መጫን

ከራሱ ገጽ፣ ከዲጂካም ዶት ኦርግ ብቻ አውርዱ። በቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ መጫኛ አትመኑ። አዲሶቹ ቅጂዎች ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ስትከፍቱት ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቃችኋል። ፎቶዎቹ የት ናቸው? ለጊዜው ከታች የምነግራችሁን የሙከራ ፎልደር ብቻ አሳዩት። የመረጃ ቋቱን የት ላስቀምጥ? ከኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ አድርጉት፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ካላችሁ እዚያ። በኔትወርክ ያለ ዲስክ ላይ አታድርጉት፣ ሊበላሽ ይችላል። ቀጥሎ መረጃውን ፎቶው ውስጥ ልጻፍ ወይ ይላል። አዎ በሉት።

ፊት ለመለየት የሚጠቀምበትን ፋይልም ላውርድ ይላችኋል። በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። በሞባይል ዳታ ከሆናችሁ ዝለሉት፤ ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ ከሴቲንጉ ታወርዱታላችሁ።

ሁሉንም ፎቶ በአንዴ አታስገቡ። መጀመሪያ ለሙከራ የሚሆን አንድ ፎልደር አዘጋጁ። ከሃምሳ የማይበልጡ፣ ግን ከሁሉም ዓይነት የተውጣጡ ፎቶዎች ይኑሩበት፦ የፊት ስም ያለው፣ በአማርኛ ታግ የተለጠፈበት፣ መግለጫ የተጻፈለት፣ «ምርጥ» የተባለ። ዲጂካም መጀመሪያ ያንን ብቻ ይየው። በግራ በኩል «ታግስ» ሲከፈት ታጎቹ አሉ? አማርኛው በትክክል ይነበባል ወይስ ጥያቄ ምልክት ሆኗል? «ፒፕል» ውስጥ የሰዎቹ ስም ከነፊታቸው መጥቷል? የጎደለ ካለ ወደ ፒካሳ ተመልሳችሁ አስተካክሉና፣ ዲጂካም ውስጥ ፎቶዎቹን መርጣችሁ «አይተም» ከሚለው ስር መረጃውን ከፋይሉ እንደገና እንዲያነብ እዘዙት። ሁሉም ሲሟላ ነው ዋናውን ፎልደር የምትሰጡት።

የተደበቀው የፒካሳ ኦሪጅናልስ ፎልደር እንደ አልበም ሆኖ ከታያችሁ አትደንግጡ። ሴቲንጉ ውስጥ ችላ የሚባሉ ፎልደሮች ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ስሙን እዚያ ጨምሩት።

ሳትነኩት የማታልፉት ሴቲንግ

«ሴቲንግስ» ከዚያ «ኮንፊገር ዲጂካም» ግቡ፣ «ሜታዳታ» (ስለ ፎቶው የተጻፈ መረጃ) የሚለውን ክፈቱ። መግለጫ፣ ታግ፣ የኮከብ ደረጃ፣ ቀን፣ የፊት ስም የሚሉት ሳጥኖች በሙሉ ምልክት ይኑራቸው። አሁን እዚህ የምትሠሩት ሁሉ ፎቶው ውስጥም ይጻፋል ማለት ነው።

የሠርግ ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ ወይም የካሜራ ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር ያስቀመጠው ጥሬ ፎቶ ካላችሁ እነዚያ ፋይሎች ባይነኩ ይሻላል። እዚያው «ሜታዳታ» ውስጥ «ሳይድካር» የሚል ገጽ አለ። መጻፍ ለማይቻልባቸው ፋይሎች ብቻ ከጎናቸው ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል እንዲፈጥር የሚያዘውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ሮው ፋይል ስታዘዋውሩ ያቺ ትንሽ ፋይልም አብራ መሄድ አለባት።

«ምርጥ» የሚለውን ታግ ወደ ኮከብ ለመመለስ ታጉን ክሊክ አድርጉ፣ ሁሉንም ምረጡ፣ ኮንትሮልና 5 ተጫኑ። አምስት ኮከብ ሆኑ። ፒካሳ «አለው» ወይም «የለውም» ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ እዚህ ከ1 እስከ 5 ደረጃ መስጠት ይቻላል።

አንድ ልማድ ግን መቀየር አለባችሁ። የዲጂካም አልበም ዲስኩ ላይ ያለው ፎልደር ራሱ ነው። ከአልበም አልበም ስታዘዋውሩ ፋይሉ በእውነት ይዛወራል፣ ስታጠፉም በእውነት ይጠፋል። ደግነቱ ያጠፋችሁት መጀመሪያ ወደ ዲጂካም የራሱ መጣያ ይሄዳል። መጣያውን ካላጸዳችሁት ግን ዲስኩ ላይ ቦታ አይለቅም።

ታግ ስትጽፉ

ሠርግ ወይስ ሰርግ? ፀሐይ፣ ጸሐይ ወይስ ፀሀይ? ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። ግማሹን በንጉሡ ሠ፣ ግማሹን በእሳቱ ሰ ከጻፋችሁ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። አንዱን መርጣችሁ ጽኑ። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ተስማሙ። ቀድሞ የተቀላቀለባችሁን ለማስተካከል የማትፈልጉትን ታግ ክፈቱ፣ ፎቶዎቹን በሙሉ መርጣችሁ ትክክለኛውን ለጥፉባቸው፣ ከዚያ አሮጌውን ሰርዙ።

ታጉን አጭር አድርጉት። አይፒቲሲ የሚባለው የቆየ የመረጃ አጻጻፍ ለአንድ ታግ 64 ባይት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ከ21 ፊደል በላይ ከሄዳችሁ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ከመጨረሻው ሊቆረጥ ይችላል። ለረጅሙ ነገር፣ ለታሪኩ፣ መግለጫው አለላችሁ።

የቴሌግራም ፎቶዎችና ድጋሚዎች

የብዙዎቻችን ፎቶ ግማሹ በቴሌግራምና በዋትስአፕ የመጣ ነው። እነዚህ ፎቶዎች ሲላኩ ይጨመቃሉ፣ የተነሱበት ቀንም ከውስጣቸው ይወጣል። የ2019 ልደት ትናንት የተነሳ መስሎ ከላይ ይቀመጣል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ፋይሉ ስም ላይ አለ። የቴሌግራሙ «ፎቶ» ብሎ ጀምሮ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይከተላል። የዋትስአፑም 8 አሃዝ ቀን አለበት። ዲጂካም ውስጥ ፎቶዎቹን መርጣችሁ ቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ስትከፍቱ ቀኑን ከፋይሉ ስም እንዲወስድ ማዘዝ ትችላላችሁ። ግን ልብ በሉ፦ ያ ቀን ፎቶው የተላከበት ወይም ሴቭ የተደረገበት ነው። በዓሉ መቼ እንደነበር ካወቃችሁ ቀኑን በእጅ ጻፉ።

የካሜራው ሰዓት ተሳስቶ ለቆየም ይኸው መሣሪያ ይረዳል። አንዳንድ ሰው ካሜራውን በእኛ ሰዓት ይሞላዋል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓትን 3፡00 ብሎ። ሁሉንም መርጣችሁ 6 ሰዓት ጨምሩበት፣ ይስተካከላል።

ከአሁን በኋላ ዘመድ ፎቶ ሲልክላችሁ «እባክህ በፋይል ላክልኝ» በሉት። ቴሌግራም ላይ በፋይል የተላከ ፎቶ አይጨመቅም፣ ቀኑም አይጠፋም።

ድጋሚዎቹን ለማግኘት ዲጂካም የሥዕሎቹን መልክ ያወዳድራል እንጂ የፋይሉን ስም አይደለም። ስለዚህ ከስልኩ የመጣውን ኦሪጅናልና በቴሌግራም የተላከውን ትንሹን ቅጂ ጎን ለጎን ያመጣላችኋል። ቀድሞ ግን የሁሉንም ፎቶ አሻራ፣ ማለትም ለማወዳደሪያ የሚይዘውን የመልኩን ማጠቃለያ መሰብሰብ አለበት፤ «ቱልስ» ስር «ሜይንተናንስ» ውስጥ ነው። ከዚያ መመሳሰሉን ከ90 እስከ 100 በመቶ አድርጋችሁ ፈልጉ። ከዚያ ዝቅ ካደረጋችሁት በተከታታይ የተነሱ የተለያዩ ፎቶዎችን ድጋሚ ብሎ ያመጣል። በመጠን ትልቁን አስቀሩ። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ስምና ታግ ያለው የትኛው እንደሆነ እዩ፤ አንዳንዴ የለጠፋችሁት ትንሹ ላይ ነው።

አዲስ ፊቶች

ከፒካሳ የመጡት ስሞች ለዲጂካም ማስተማሪያ ይሆኑታል። «ፒፕል» ውስጥ ገብታችሁ ፊቶችን እንዲፈልግ ስታዙት ያገኘውን «ይህ እገሌ ይሆን?» ብሎ ያቀርብላችኋል። እናንተ ታረጋግጣላችሁ ወይም ትሰርዛላችሁ። አሮጌ ማሽን ላይ ሰዓታት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አልበም ስጡት። ነጠላ የለበሱ፣ ፊታቸው በከፊል የተሸፈነ እናቶችና ስካን የተደረጉ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ላይ ብዙ ሊሳሳት ይችላል። እዚያ ላይ ፊቱን በእጃችሁ ከባችሁ ስሙን ጻፉ። በዕድሜ የገፋ ዘመድ ቤት ካለ ይህችን ሥራ አብራችሁት ሥሩ፤ ሌላ ሥራ ቢቆይ ይቆይ።

ፒካሳን ማሰናበት

ሁለቱንም ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አትጠቀሙ። ሁለቱም እዚያው ፋይል ላይ ስለሚጽፉ ይጣረሳሉ። ፒካሳ ውስጥ «ፎልደር ማናጀር» ገብታችሁ ፎቶዎቹን መከታተል እንዲያቆም አድርጉት፤ ይህ ፎቶዎቹን አያጠፋም። ፕሮግራሙን ግን ለጊዜው አታንሱት፤ ረስታችሁ የተዋችሁት አልበም ሊኖር ይችላል።

ጥቂት ወራት በዲጂካም ከሠራችሁ፣ የጎደለ ነገር ካላጋጠማችሁ፣ ያኔ አንሱት። ሲነሳ የመረጃ ቋቱንም ላጥፋ ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ አይ በሉት፤ ብዙ ቦታ አይወስድም። የኦሪጅናልስ ፎልደሮቹንም ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ አትደምስሷቸው። ያልተቆረጠው፣ ያልተነካው ፎቶ ያለው እዚያ ነው። አዲሱን ኮፒ ወደ ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ስትወስዱም የፊተኛው ላይ አትደርቡት፣ በሌላ ፎልደር ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት።